አባባ «ሚያዝያ 27 በዚህ ቤት መዶሻ አይነሳም» አሉ

«ውድ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። ባለፈው ሳምንት የጣለው በረዶና ንፋስ የሳሎናችንን ቆርቆሮ ግማሹን ነቅሎ ጎረቤት አጥር ላይ ጣለው። ቤቱ አያቴ የሠሩት ጭቃ ቤት ነው። አያቴ አርበኛ ነበሩ። አባቴ አሁን 78 ዓመታቸው ነው፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የአያቴን ካኪ ለብሰው፣ ሜዳሊያዎቹን ደረታቸው ላይ ደርድረው አራት ኪሎ ይወርዳሉ። አሁን የምንተኛው በላስቲክ ሥር ነው። ታናሽ ወንድሜ ሾፌር ነው፣ እረፍት የሚያገኘው በበዓል ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ አናጺ ጓደኛውን ይዞ ሚያዝያ 27 ጣሪያውን ልሥራ አለ። አባባ ደግሞ ‹በዚያን ቀን በዚህ ቤት መዶሻ አይነሳም› ብለው አመረሩ። ወንድሜ ተናዶ ‹ከሞተ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ይበልጣል› አላቸው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። እህቴ ቤት ሄደው እንዲያድሩ ብንለምናቸውም ሳጥናቸውን ትተው ንቅንቅ አይሉም። በዚህ ላይ አንድ ለእናቱ የሆነው የአያቴ ፎቶ ረጥቦ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ለፋሲካ ቤት ሳሳምር ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ለማላቀቅ ስሞክር አንዱ ጥግ ተቀደደብኝ። አባባ ገና አላዩትም። ምን ላድርግ? ግራ የገባት፣ ከሽሮ ሜዳ»

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር። ያንን ፎቶ ከእንግዲህ አትንኪው። እንደተጣበቀ ይቆይ።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው። አንድ ክረምት እናቴ ቤት ውሃ ገብቶ የአባቴ ፎቶ ልክ እንዳንቺው መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ፣ ወንድሞቼ ከሥራ ሳይመለሱ ላስተካክለው ብዬ፣ በጥፍሬ ቀስ እያልኩ ጎተትኩት። ክራቫቱና ትከሻው ከወረቀቱ ጋር መጡልኝ። ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ። ያን መስታወት እስከ ዛሬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ለማንም ማሳየት አልችልም። የድሮ ፎቶ ገጽ ላይ ጄላቲን የሚባል ነገር አለ። ሲርስ ሙጫ ይሆናል፣ ሲደርቅ ከመስታወቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ስለዚህ ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፣ ማንም ቢጎትተው ይቀደድ ነበር።

አሁን የምታደርጊው ይሄ ነው። የተቀደደውን ጥግ ንጹሕ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪው፣ ትንሽ ናት ብለሽ አትጣያት። ፎቶውን ከነመስታወቱ አግድም አድርገሽ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበት ቦታ አኑሪው። ፀሐይ ላይ አታውጪው፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ገጹም ይሰነጠቃል። ከዚያ በስልክ አንሺው፣ ከነመስታወቱ። በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሚ፣ ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ከላይ ያዢ፣ ከስልኩ በላይ ደግሞ ሌላ ሰው ጥቁር ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ ዘርግቶ ይያዝልሽ። ያኔ መስታወቱ አያንጸባርቅም። ደጋግመሽ አንሺ። በዚያ ምስል ላይ ጥሩ ፎቶ ቤት የተቀደደውን ጥግ ሞልቶ፣ ቆሻሻውን አጽድቶ ትልቅ አድርጎ ያትምልሻል። ዋናውን ግን ለማንም ፎቶ ቤት ሰጥተሽ እንዳትመጪ። ሰፈርሽ ለስድስት ኪሎ ቅርብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ የድሮ ወረቀትና ፎቶ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ያሉበት ቤት ነው። ሄደሽ ምን ባደርግ ይሻላል ብለሽ ጠይቂ። አንድ ቀን ሊላቀቅ የሚችል ከሆነ እነሱ ይነግሩሻል።

ሳጥኑ ውስጥ የረጠበ ወረቀት ካለ፣ የምስክር ወረቀትም ይሁን ደብዳቤ፣ ታጥፎ የረጠበውን በግድ አትዘርጊው። ቀለሙን አትጥረጊው፣ ይሰራጫል። ነጭ ሶፍት ከላይና ከታች አድርጊለት፣ ሲርስ ቀይሪው። ጋዜጣ አይሆንም፣ የጋዜጣው ቀለም ይጋባበታል። ብዙ ከሆነና አልደርስበትም ካልሽ ላስቲክ ውስጥ ከተሽ ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። እንግዳ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ፣ ግን ሻጋታውን ያቆመዋል፣ ሻጋታ ደግሞ ሁለት ቀን እንኳ አይታገስም። ሜዳሊያዎቹን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። በቃ። ለበዓሉ እንዲያብረቀርቁ ብለሽ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትጊያቸው፤ ጽሑፉን የሚያጠፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ መዶሻው።

እህቴ፣ እኔ በዚህ ነገር ከአባትሽ ጋር ነኝ። ወንድምሽን ጠልቼው አይደለም። አንድ ቀን እረፍት አግኝቶ እሷንም ጣሪያ ላይ ሊያሳልፍ የፈለገ ልጅ ለቤቱ የሚያስብ ልጅ ነው። ግን እስቲ ካሌንደሩን አውጪና ተመልከቺ። ሚያዝያ 23 የላብ አደሮች ቀን ነው። እሱም በዓል ነው፣ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ከ27 በፊት አራት ቀን ቀድሞ ሌላ የእረፍት ቀን እያለ በአንዷ ቀን ላይ አባትና ልጅ ተኳረፉ። ሁለቱም ተናደው ስለነበር አላዩትም፣ አንቺም በመሃል ተጨንቀሽ አላየሽውም። ወንድምሽ 23ን ማግኘት ይችል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው። ካገኘ በዚያ ቀን ተጀምሮ ይለቅ። ዕለቱ የአናጺውም በዓል ነውና ሂሳቡን የበዓል ሂሳብ አድርጉለት፣ ምሳውንም አሳምሩለት። ባያገኝ እንኳ ጥሩ ሸራ በደንብ ተወጥሮ ከታሰረ እስከሚቀጥለው የእረፍት ቀኑ ቤቱን ያቆየዋል። ለአባትሽ ግን 27ን የሚተካላቸው ቀን የለም።

ለምን የለም? ይህን ለወንድምሽ አንብቢለት፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ተምሮት ረስቶት ይሆናል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ልክ በአምስት ዓመቱ። ከተማዋ እኮ ቀድማ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 28 ቀን ከጣሊያን እጅ ወጥታ ነበር። ቢሆንም የተዋረድንባት ቀን የድል ቀን እንድትሆን ተፈለገ፣ ሆነችም። ኋላ ደርግ ሲመጣ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ወደ 27 የተመለሰው። በልጅነቴ ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ በደርግ ጊዜ ሚያዝያ 27 ሲሆን በራቸውን ዘግተው ሜዳሊያቸውን ያደርጉና ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ። ሌላ ምንም የለም፣ ፉከራ የለም፣ ሽለላ የለም። እኛ ልጆች በበሩ ስንጥቅ እናያቸው ነበር። ቡናው ሦስተኛው ሲጠጣ ሜዳሊያዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው በመሐረብ ይጠቀልሏቸዋል። አባትሽ በዚያ ዘመን ጎልማሳ ነበሩ። ያኔ ያቺን ቀን እንዴት ያሳልፏት እንደነበር ጠይቂያቸው። ጠይቀሻቸው የምታውቂ አይመስለኝም፣ አብዛኞቻችን አንጠይቅም።

እና እንዲህ ያለች ቀን ላይ ነው እንግዲህ «መዶሻ እናንሳ» የተባሉት። ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው። ጣሪያው የተነቀለው ከአባታቸው ቤት ላይ ነው። ሳጥኑ ረጥቧል። ፎቶውን ገና አላዩትም እንጂ አንድ ነገር እንደሆነ ሳይጠረጥሩ አይቀሩም፣ ግድግዳው ባዶ ነውና። እኔ እሳቸውን ብሆን እኔም ከሳጥኑ አጠገብ ንቅንቅ አልልም ነበር።

ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማላቸውም፣ እሱም ሌሊቱ ነው። በ78 ዓመት በሽሮ ሜዳ ብርድ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ እርጥብ ጭቃ ግድግዳ ሥር ማደር አይሆንም። የሳንባ ምች ሽማግሌን ጊዜ አይሰጥም። በዚያ ላይ የራሰ ጭቃ ግድግዳ እስኪደርቅ ድረስ አይታመንም፣ ልስኑም ይወድቃል። ስለዚህ ስታነጋግሪያቸው ቀኑን ስጫቸው፣ ሌሊቶቹን ጠይቂያቸው። «አባባ፣ 27 ቀን በዚህ ቤት መዶሻ አይነሳም፣ ቃሌ ነው። እርስዎ ደግሞ ጣሪያው እስኪያልቅ እህቴ ቤት ይደሩልኝ፣ ሳጥኑም አብሮዎት ይሄዳል» በያቸው። ሳጥኑ አብሮ ይሄዳል የሚለውን እንዳትረሺ። እስካሁን የለመናችኋቸው «ሳጥኑን ትተው ይሂዱ» እያላችሁ ከሆነ እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም። ቀን ቀን ይመለሱ፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሥራውን ይቆጣጠሩ። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ወራጁ የት እንደተጋደመ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ አናጺውም ያስፈልጉታል።

ስለ ጣሪያው ራሱ ጥቂት ልበል። ወንድምሽ ሥራው ያልሆነውን ነው የሚይዘውና።

ከሁሉ በፊት መብራቱ። ኮርኒሱ ከረጠበ ከቆጣሪው ላይ አጥፉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳትመልሱት። ቆርቆሮ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ የወደቀ ሽቦ ካለ ማንም አይጠጋ፣ መብራት ኃይል ይጠራ። በረጠበ ቆርቆሮ ላይም ማንም አይውጣ፣ የፈለገ ቢቸኩል።

ንፋስ ቆርቆሮን የሚነቅለው ከታች ነው። በጣሪያው ጠርዝ ሥር ይገባና ወደ ላይ ያነሳዋል። መጀመሪያ የሚሄደው ጠርዙና አናቱ ስለሆነ ምስማሩም እዚያ ጋ መብዛት አለበት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከእንጨቱ ነው። ማገሩ በምስጥ ተበልቶ ከሆነ አዲስ ምስማር ብትመቱበትም የሚይዘው ነገር የለም፣ በሚቀጥለው ንፋስ ያው ነው። እንጨቱን አንድ በአንድ ይንኩት፣ የላላውን ይቀይሩት። ወራጁ ከግድግዳው እንጨት ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር። ይቺ ሽቦ ርካሽ ናት፣ ግን ጣሪያ የምታድን እሷ ናት፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ይዘላታል። ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ የሚመታውም በቆርቆሮው ሸንተረር አናት ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ጎረቤት አጥር ላይ የወደቀውን ቆርቆሮ ካልተቀደደ መልሳችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ ግን በድሮው ቀዳዳ ምስማር አትምቱበት፣ ቀዳዳውም ይደፈን። አዲስ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቆርቆሮው የሚጠነክረው። በገንዘቡ ምክንያት ሁሉንም ወፍራም ማድረግ ካልቻላችሁ ንፋሱ የሚመጣበትን በኩል ወፍራም አድርጉት። ድንጋይ አንስታችሁ ቆርቆሮ ላይ አትጫኑ። ንፋስ ሲመጣ ድንጋዩ የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ግድግዳውን ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትለስኑት፣ እርጥበቱን ውስጡ ትዘጉታላችሁ። ከሰኔ በፊት ሁሉም ካለቀ ክረምቱን ያለ ጭንቀት ትሻገራላችሁ።

ወረዳውን ስለ እድሳት ፈቃድ ጠይቁ። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ሰው ከጣሪያ ላይ ካስወረዱባችሁ በኋላ ከመሯሯጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። እድራችሁንም አትርሱ። አባትሽ ስንት ዓመት የከፈሉበት እድር ነው! ገንዘብ ባይሰጥ እንኳ ሸራና አግዳሚ ያበድራል፣ ጉልበት ያለው ጎረምሳ ይልካል። ድንኳኑን ከወሰዳችሁ ግን በር ላይ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ትከሉት። በር ላይ ድንኳን ያየ ሰው ሽማግሌው አረፉ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፣ ይህን ድንጋጤ ለጎረቤትም ለእሳቸውም አታምጪ።

ስለ ወንድምሽ። «ከሞተ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ይበልጣል» ያለው ነገር ክፉ ነገር ነው፣ ግን ምን ሊል እንደፈለገ ይገባኛል። «አባባ እንዳይሞቱብኝ እፈራለሁ» ነው ያለው፣ ያወጣው ግን በስድብ ቋንቋ ነው። ይህን አንቺ ለአባትሽ ልትተረጉሚላቸው አትሞክሪ። አማላጅ ሆነሽ በሁለት ክፍል መሃል መመላለሱ አድክሞሻል፣ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ራሱ ይንገራቸው። ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ቀላል ነው፣ ደግሞም አባት ነው የሚጠየቀው። ቃል ካጣ 23 ቀን በጠዋት ተነስቶ «አባባ፣ የትኛውን ወራጅ ልቀይር?» ብሎ ይጠይቃቸው። እሳቸው መልሱን ያውቃሉ፣ መመለስም ይወዳሉ።

ስለ ፎቶው ግን ዛሬ ንገሪያቸው። ነገ አይደለም። እስከ 27 ደብቄ ታትሞ ሲመጣ በስጦታ መልክ እሰጣቸዋለሁ ብለሽ አስበሽ እንደሆነ ተይው። ካኪውን የሚለብሱ ቀን ጠዋት ቀና ብለው ግድግዳውን ያያሉ፣ ከዚያ ምን ልትያቸው ነው? ቁጭ በይና በራስሽ አፍ ንገሪያቸው። ከመኝታ ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥጉን የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ ፊቱ ግን አለ፣ አልነካሁትም። መስታወቱን አምጥተሽ አሳዪያቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ዝም ሊሉም ይችላሉ፣ ዝምታው ይከብዳል። ቢቆጡም ቢያዝኑም ከአጠገባቸው አትነሺ። እኔ ለእናቴ ስነግራት አንድ ሳምንት አዘግይቼ ነበር፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከፎቶው ይልቅ ያ ሳምንት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ግድግዳ እያየች ምንም ሳትጠይቀኝ ቆየች።

ከነገርሻቸው በኋላ፣ በዚያው ቀን ካልሆነም በማግስቱ፣ ስልክሽን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጊና ስለ ፎቶው ጠይቂያቸው። የት ነው የተነሱት? ያ ካኪ ያኔ አዲስ ነበር? የትኛው ሜዳሊያ በምን ተሰጠ? የዘመቱት የትና ከማን ጋር ነው? ቤቱንስ ሲሠሩ እንጨቱን ከየት አመጡ? ረጅም ጥያቄ አታዘጋጂ፣ ፎቶውን ብቻ አሳዪያቸው፣ ወሬው ራሱ ይመጣል። የአያትሽ ምስል ያለው በዚያ መስታወት ላይ ብቻ አይደለም፣ አባትሽ ጭንቅላት ውስጥም አለ፣ ያንን ደግሞ ገና ማንም አልቀዳውም።

27 ጠዋት አብረሻቸው ውረጂ። ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ስድስት ኪሎን አልፋችሁ ነው፣ የየካቲት 12 ሐውልት እዚያ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው እዚያው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለበት የቀድሞው ቤተ መንግሥት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ከተማው ላይ የደረሰውን ታውቂዋለሽ፤ ኢትዮጵያ 30,000 ሰው ሞተብኝ ብላለች። አባትሽ እዚያ ጋ ቆም የሚሉ ከሆነ አትቸኩሉ፣ አራት ኪሎ ያለው የአበባ ጉንጉን ትንሽ ቢያመልጣችሁ ምንም አይደል። ወንድምሽ ሾፌር አይደል፣ እስከ ስድስት ኪሎ በመኪና ያድርሳቸው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት በእግራቸው መሄድ ከፈለጉ አንዱን ክንድ አንቺ፣ አንዱን እሱ ያዙ። ካኪውን ከአሁኑ ጥላ ላይ ሰቅለሽ አየር አስነኪው፣ ሻጋታ ከሸተተ ቶሎ ነው የሚታወቀው። ጃንጥላም ያዙ። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው፣ እሳቸው ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ሳያልቅ አይመለሱም።